የቤት ደላላ ተጠያቂነት

የቤት ደላላ ተጠያቂነት ማለት ቤት ወይም ይዞታ ሲሸጥ፣ ሲገዛ ወይም ሲከራይ ሁለቱን ወገኖች ያገናኘ ደላላ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀር ወይም የሰጠው መረጃ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። በብዙ አገሮች ለደላላው ፈቃድ የሚሰጠው አካል ቅሬታ ተቀብሎ ይመረምራል፤ ጥፋት ካገኘ ይቀጣል፣ ያግዳል ወይም ፈቃዱን ይነጥቃል። ይህ የዲሲፕሊን ሂደት ይባላል። በኢትዮጵያ ለቤት ደላሎች ብቻ የቆመ የዲሲፕሊን ጉባኤ ለረጅም ዘመን ስላልነበረ፣ ተበደልኩ የሚል ገዢ የሚሄደው ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ንግድ ቢሮ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጉዳዩ ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ደላላው በሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 56 ደላላን የሚተረጉመው ውል እንዲዋዋሉ ሰዎችን ማገናኘትን የዘወትር ሙያው አድርጎ፣ ራሱን ችሎ፣ ለጥቅም የሚሠራ ሰው ወይም ድርጅት ብሎ ነው። ሽያጭ፣ ኪራይና ኢንሹራንስ በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ይህ የሕጉ ክፍል በኋላ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል።

ከትርጉሙ ዋናው ነጥብ «ራሱን ችሎ» የሚለው ነው። ደላላው የሻጭ ሠራተኛ አይደለም፤ የገዢም ጠበቃ አይደለም። ውሉ ላይ ተዋዋይ ሆኖ አይፈርምም፤ ቢበዛ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። ስለዚህ ቤቱ ባይረከብ ወይም ካርታው ባይወጣ ገዢው «ውሉን አላከበርክም» ብሎ ሊከስ የሚችለው ሻጩን ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። በልማድ ኮሚሽኑ ከሽያጩ 2 በመቶ ያህል ሲሆን የሚከፈለውም ውሉ በተፈረመ ዕለት እንጂ ገዢው ቁልፍ በተረከበ ዕለት አይደለም። ብዙው ችግር የሚመነጨው ከዚህ አከፋፈል ይመስላል።

ድለላ የንግድ ሥራ በመሆኑ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሆኖም በየሰፈሩ ካፌ በር ላይና በኮንዶሚኒየም መግቢያዎች ያለ ፈቃድ የሚሠራው ብዙ ነው። ፈቃድ የሌለውን ሰው ፈቃድ በመንጠቅ መቅጣት አይቻልም።

አቃቂ ቃሊቲ

አቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካዎቹ፣ በጉምሩክ ጣቢያውና በማረሚያ ቤቱ የሚታወቅ ክፍለ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከመንገዱ ጋር የአካባቢው ቤትና ይዞታ ፈላጊ በዛ፤ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በቆዬ ፈጬ በኩል ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ተሠሩ።

አካባቢውን ለደላላ ተስፋ የሚያመቸው በአንድ ሰፈር የተለያየ የሰነድ ደረጃ ያላቸው ይዞታዎች ጎን ለጎን መገኘታቸው ነው። ካርታ ያለው ነባር ይዞታ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ የተያዘ አለ፤ ሰነድ አልባ የሚባለው አለ፤ በገበሬ መሬት ላይ በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤትም አለ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ሊሸጥ አይችልም፤ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ነው። «ይህን ያህል ካሬ ባዶ ቦታ» ብሎ የሚያሻሽጥ ደላላ ከመነሻው ሕጉ የማያውቀውን ነገር እያቀረበ ነው።

ለሰነድ አልባ ይዞታ የሚሰጠው የተለመደ ተስፋ «በ1988ቱ የአየር ካርታ ላይ ይታያል፣ በ1997ቱ መስመር ካርታም አለ፤ ካርታው ሁለት ወር አይፈጅም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሐረግ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው፤ ይዞታው በካርታው ላይ ይታያል ወይም አይታይም። የመጨረሻው ግን የወረዳና የክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት የሚወስነው እንጂ ደላላው ሊሰጠው የሚችለው አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ጣጣ አለው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ቆዬ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሳይቶች ለተሠሩ 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ 32,653 የ20/80፣ 18,576 የ40/60 ነበሩ። ውጤቱ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ባለዕድሎችም ቁልፍ ሳይረከቡ ቆዩ። በዕጣ የደረሰ ቤት ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይቻልም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዕጣውን ወይም ያልተላለፈውን ቤት በግል ውል የሚያሻሽጡ ደላሎች ይገባሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን በስምምነት ካካለሉ፣ ቀጥሎም ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ «ቦታው አዲስ አበባ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ራሱ መጣራት አለበት፤ ካርታ የሚሰጠውና ስም የሚያዛውረው አስተዳደር የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ቃል፣ ግምትና ሐሰት

ደላላ የሚናገረው ሁሉ በሕግ እኩል ክብደት የለውም። «ሰፈሩ ነገ ሌላ ቦሌ ይሆናል» ግምት ነው። «ሻጩ በሦስት ወር ያስረክባል» የወደፊት ቃል ነው። «ይዞታው ዕዳና እገዳ የለበትም» ደግሞ ዛሬ እውነት ወይም ሐሰት የሆነ መረጃ ነው። የዲሲፕሊን ጉባኤ ባላቸው አገሮች ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ንግግሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ላይ ነው። ቃል ሳይፈጸም መቅረቱ ብቻውን ማታለልን አያስረዳም፤ ደላላው ሲናገር ቃሉ እንደማይፈጸም ያውቅ ነበር ወይ የሚለው መታየት አለበት።

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1704 አንዱ ተዋዋይ በተንኮል ሌላውን አሳስቶ ያዋዋለበት ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ተንኮሉ የሦስተኛ ወገን ሲሆን ግን ውሉ የሚፈርሰው ተጠቃሚው ተዋዋይ ተንኮሉን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበትና ከተጠቀመበት ነው። ደላላ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ሻጩ «እኔ እንዲህ አላልኩም፣ ደላላው ምን እንዳለ አላውቅም» ሲል ገዢው ሻጩ ያውቅ እንደነበር የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። አንቀጽ 1705 ሐሰተኛ ንግግርን ለብቻው ያነሣል፤ እሱ የሚሠራው ግን በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመንና ታማኝነት የሚጠይቅ ግንኙነት ሲኖር ነው። በካፌ በር ላይ የተዋወቁ ሻጭና ገዢ እንዲህ ያለ ግንኙነት አላቸው ማለት ያስቸግራል።

ውልና ቀብድ

በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት መደረግ አለበት። ሰው ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ሥራ ይህ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በዚህ መልክ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወሰነ። የሰበር ትርጉም በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር ውሳኔው ብዙ ሰዎችን ነካ፤ በደላላ ምስክርነት በመንደር ውል ቤት ገዝተው ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ሻጩ ዋጋ ሲወጣለት ሐሳቡን ቢለውጥ የሚይዙት አጡ። ችሎቱ በኋለኞቹ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ያመነበትን ሁኔታ ለይቶ አይቷል።

ቀብድ በአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ተደንግጓል። ቀብድ የሰጠ ወገን ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ወገን ቢወጣ እጥፍ ይመልሳል። ችግሩ ገንዘቡ በደላላው እጅ ሲቀመጥ ነው። ሻጩ «አልተቀበልኩም» ካለ፣ እጥፍ የመመለሱ ግዴታ የማን እንደሆነ ያከራክራል። ዋናው ውል ራሱ በፎርም ጉድለት ከወደቀ ደግሞ የሚቀረው በአንቀጽ 1815 መሠረት ወደ ነበሩበት መመለስ ብቻ ነው፤ ይህም ገንዘቡን በዚያው መጠን ማግኘት ማለት ነው። ቤት በዓመቱ በሚወደድበት ከተማ ይህ ትንሽ ኪሣራ አይደለም።

ሌላው የተለመደ መንገድ ስም ማዛወር በማይቻልበት ጊዜ ገዢው ከሻጩ የመሸጥ ውክልና እንዲወስድ ማድረግ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደላላው «ውክልናው በእጅህ ካለ ቤቱ የአንተ ነው» ይላል። ነገር ግን ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርሕ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚገናኘው ከወራሾች ጋር ነው።

አቤቱታ የሚቀርብበት

በወንጀል በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለልን እስከ 5 ዓመት ሊደርስ በሚችል ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በአደራ የተቀበለውን ቀብድ ለራሱ ያደረገ ደላላ ደግሞ በአንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ሊከሰስ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው» የሚል ሲሆን ይህም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ከላይ እንደተባለው ያልተፈጸመ ቃል ሁሉ ማታለል አይደለምና።

በፍትሐ ብሔር የጊዜ ገደብ ወሳኝ ነው። ከውል የሚመነጭ ክስ በመደበኛው 10 ዓመት ሲኖረው (አንቀጽ 1845)፣ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ በ2 ዓመት ይታገዳል (አንቀጽ 1810)፤ ከውል ውጪ የሆነ የጉዳት ካሣም እንዲሁ 2 ዓመት ነው (አንቀጽ 2143)። ደላላው ተዋዋይ ስላልሆነ በእሱ ላይ የሚቀርበው የካሣ ክስ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ ገደብ ውስጥ ይወድቃል። «ትንሽ ታገሥ፣ ካርታው እየመጣ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት ማለፉ ብርቅ አይደለም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጁ የራሱ ዳኝነት ያለው ባለሥልጣን አቋቁሞ ነበር፤ በኢትዮጵያ ለዲሲፕሊን ጉባኤ የቀረበው ተቋም እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ባለሥልጣኑ በኋላ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል።

አክሰስ ሪል እስቴት

ደላላ ሳይሆን ቤት አልሚ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ያልተፈጸመ የቤት ቃል ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የአክሰስ ሪል እስቴት ጉዳይ ነው። በአቶ ኤርሚያስ አመልጋ መሥራችነት የተቋቋመው አክሲዮን ማኅበር ከ2,000 በላይ ከሆኑ ቤት ገዢዎች ወደ 1.4 ቢሊዮን ብር ሰበሰበ፤ ቤቶቹ ግን በተባለው ጊዜ አልተሠሩም። መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአገር ወጥተው በ2014 ተመለሱ፤ መንግሥትም ችግሩን የሚፈታ ኮሚቴ አቋቋመ። ጉዳዩ በአንድ ሕግ የሚዳኝ አልነበረም፤ የውል፣ የንግድ ማኅበር፣ የመሬትና የወንጀል ጥያቄዎች በአንድ ላይ ተነሡ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለው ከቤት ገዢ አስቀድሞ ገንዘብ መሰብሰብ ነው።

በሌሎች አገሮች

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የቤት ወኪሎችን የሚመዘግብ ቦርድ አላት። በደቡብ አፍሪካ ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በወኪሉ እጅ የጠፋን የአደራ ገንዘብ የሚተካ ፈንድ ይዟል። እንግሊዝ ፈቃድ አትጠይቅም፤ ነገር ግን በ1979ኙ ሕግ መሠረት ብቁ ያልሆነን ሰው ከሥራው መከልከል ትችላለች።

የዲሲፕሊን ደረጃዎቹን በግልጽ የለየው የኒው ዚላንድ የ2008 ሕግ ነው። ቅሬታው መጀመሪያ ለገምጋሚ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴው «አጥጋቢ ያልሆነ አሠራር» ካገኘ ራሱ ይቀጣል፤ ከባድ ጥፋት ከመሰለው ለዲሲፕሊን ችሎት ይመራል። ወኪሉ መልስ የመስጠትና ይግባኝ የማለት መብት አለው።

በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የቤት ወኪሎች ምክር ቤት ወኪሎች የሽያጭን ገንዘብ በእጃቸው እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ በአቃቂ ትልቁን ጭቅጭቅ የሚያስነሣው የቀብድ ጉዳይ እዚያ ከመነሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ምክር ቤቱ የሁሉንም ወኪሎች መዝገብ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ገዢው የደላላውን ስልክ ቁጥር አስገብቶ የተመዘገበ መሆኑንና የዲሲፕሊን ቅጣት እንዳለበት ያያል። ከመረጃ ቋት ሥራ አንፃር ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ አንድ ሠንጠረዥና አንድ የፍለጋ ገጽ ይበቃዋል። ከባዱ ደላላውን ሁሉ መጀመሪያ ማስመዝገቡ ነው።