ፔር

ፔር ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጠመ የጉበት ቋጠሮ ሕክምና ስም ነው፤ መውጋት፣ መምጠጥ፣ መጨመር፣ መልሶ መምጠጥ። በግና ፍየል ለሚረባበት፣ ውሻም ከደጅ ለማይጠፋበት እንደ ሰቆጣና ዋግ ኽምራ ላለ አገር ቃሉን ማወቅ አይከፋም።

በግ ሲታረድ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ከተገኘ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቋጠሮው የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅ ወይም ባልታጠበ ጎመን ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ቋጠሮ ሆኖ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል።

ድሮ ዋናው ሕክምና ሆድ ቀዶ ማውጣት ነበር። በፔር ሐኪሙ አልትራሳውንድ እያየ ቀጭን መርፌ እስከ ቋጠሮው ይሰዳል፤ ውሃውን ይመጥጣል፤ እጩን የሚገድል አልኮል ወይም ጠንካራ የጨው ውሃ ይጨምራል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ መልሶ ይመጥጣል። አልቤንዳዞል ከፊትም ከኋላም ይሰጣል።

«መርፌ ብቻ ነው» እያሉ ማቃለሉን ግን አልወደውም። የሳንባ ቋጠሮ በዚህ መንገድ አይወጋም፤ ከሐሞት ቱቦ ጋር የተገናኘውም እንዲሁ። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ካመለጠ የሚቀሰቀሰው የሰውነት ቁጣ ሊገድል ስለሚችል የድንገተኛ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይዘጋጃል።