ዋጋ የማይጠየቅበት የአራዊት ግቢ



አንበሳንና ነብርን በቅርብ ቆሞ ማየት ለብዙ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ዕድል ነበር። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ከሩቅ አገር የመጡ አራዊት ይቀለቡ የነበረው የጌታቸውን ግርማ ለመግለጥ እንጂ ሕዝብን ለማስተማር አልነበረም። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1793 እና በ1794 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከቬርሳይ የተረፉት የንጉሡ እንስሳት ወደ ፓሪስ የእጽዋት ግቢ ተዛውረው ለሕዝብ ታዩ። የለንደኑ የአራዊት ግቢ ግን በ1828 ሲከፈት ለማኅበሩ አባላትና እነርሱ ለፈቀዱላቸው ብቻ ነበር፤ ለሕዝብ በሰፊው የተከፈተው በ1847 ነው።

ዛሬ ልናወጋችሁ የምንወደው ግን ስለ አንድ ትንሽ ግቢ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሚገኘው የሊንከን ፓርክ የአራዊት ግቢ ነው። ስፋቱ 14 ሄክታር ያህል ቢሆን ነው። ፓርኩ በከፊል ቀድሞ የከተማው መቃብር የነበረ ሲሆን፣ በ1865 በፕሬዚዳንት ሊንከን ስም ተሰየመ። በ1868 የኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሹማምንት አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ የውሃ ወፎች በስጦታ ላኩለት፤ የአራዊት ግቢው መነሻ ይኸው ነው። በ1874 አንድ የድብ ግልገል በ10 ዶላር ተገዛ። ግልገሉ ግን ማምለጥን ስለ ተማረ፣ ሌሊት ሌሊት በፓርኩ ውስጥ ሲንሸራሸር ይገኝ ነበር ይባላል።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሩ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ሀብታሙም ድኻውም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም እኩል ይገባበታል።

ነገር ግን አስተውሉ፤ በሩ ነፃ ነው ማለት ከፋይ የለውም ማለት አይደለም። ሥጋውንና ሣሩን፣ የጠባቂውን ደመወዝና የሐኪሙን መድኃኒት የሚሸፍን መኖር አለበት። መጀመሪያ ይህን የተሸከመው የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ ከ1995 ወዲህ ግን አስተዳደሩን አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ተረክቦ፣ ከሕዝብ ገንዘብ ከሚገኘው ድጋፍ ጋር በለጋሶች ስጦታ ያካሂደዋል።

ሌላም ከፋይ አለ፤ እርሱም አውሬው ራሱ ነው። በ1930 ቡሽማን የተባለ ጐሪላ በሕፃንነቱ ከካሜሩን ተወስዶ ወደዚያ መጣ። ከተማው እጅግ ወደደው፤ በ1950 ታመመ ሲባል በአንድ ቀን ከ100,000 በላይ ሰዎች ሊያዩት ጎረፉ። በጥር 1 ቀን 1951 በሞተ ጊዜም ብዙዎች በባዶው ቤቱ ፊት እያለፉ አዘኑለት። የሰዎቹ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም ቡሽማን ዕድሜውን የፈጸመው ከወገኖቹ ተለይቶ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ነው።

እንግዲህ የከተማን ጉዳይ በእጃችሁ የያዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለሕዝብ ያለ ዋጋ የሚከፈት በር በበጎ ፈቃድ ብቻ አይቆምም፤ በየዓመቱ በጀት ላይ የሚያስብለት ሰው ይሻል። ሁለተኛው፣ ከበሩ ውስጥ ያለው ፍጥረት ድምፅ ስለሌለው ጥቅሙን የሚጠብቅለት ባለሥልጣን ያስፈልገዋል። በእሑድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አራዊት ልታዩ ስትሄዱ፣ መግቢያው ስንት ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ የአውሬው ማደሪያ ስፋቱ ምን ያህል ነው ብላችሁም ጠይቁ።