ማዞር ሁሉ ምች አይደለም፦ የንኡስ አንጎል ደም ቅዳዎችና ስትሮክ

ባሕር ዳር፦ በደቡብ አቸፈር ወረዳ፣ በዱርቤቴ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ቀበሌዎች፣ ፀሐይ ላይ ሲያርም የዋለ ሰው ድንገት ራሱን አዙሮት ቢያስመልሰው ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ምችን ነው። ዳማከሴ በመዳፍ ይታሽና ጭማቂው ከቡና ጋር ይሰጠዋል። ብዙ ማዞር በዕረፍት ይቀላል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ምልክት ይዞ የሚመጣ፣ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ያለው ሌላ ሕመም አለ፤ እርሱም የንኡስ አንጎል ስትሮክ ነው።

ንኡስ አንጎልና ሦስቱ ደም ቅዳዎች

ሴሬቤለም በመባል የሚታወቀው ንኡስ አንጎል የሚገኘው በራስ ቅል የኋላ ክፍል፣ ከማጅራት በላይ ነው። ከጠቅላላው የአንጎል ይዘት 10 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል፤ እርምጃን፣ የእጅ እንቅስቃሴንና ንግግርን ያቀናጃል።

ደም የሚያገኘው በግራና በቀኝ ጥንድ ሆነው ከሚሄዱ ሦስት ደም ቅዳዎች ነው። የኋላ ታችኛው ደም ቅዳ በአንገት አጥንቶች ውስጥ አልፎ ከሚመጣው የአከርካሪ ደም ቅዳ ይነሣል። የፊት ታችኛውና የላይኛው ደግሞ ሁለቱ የአከርካሪ ደም ቅዳዎች ተገናኝተው ከሚፈጥሩት አንድ ግንድ ይወጣሉ። ነገሩ በጎረቤት ሜጫ ካለው የቆጋ መስኖ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዋናው ቦይ የሚወጣው ቅርንጫፍ ሲደፈን ውኃ የሚያጣው በዚያ ቅርንጫፍ የሚጠጣው ማሳ ነው።

የትኛው ሲዘጋ ምን ይታያል?

የኋላ ታችኛው ደም ቅዳ ሲዘጋ ከባድ ማዞር፣ ማስመለስና ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይከተላሉ። ጉዳቱ የአንጎልን ግንድ ጎን ከነካ ድምፅ ይሻክራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ስቅታ አልቆም ይላል፣ የአንድ ዐይን ቆብ ይወድቃል። በአንድ ወገን ፊት፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ እጅና እግር ሕመምና ሙቀት መለየት ያቅታቸዋል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ዋለንበርግ ይህን የምልክቶች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1895 በዝርዝር ጽፎ ስላቀረበ ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይኸው ሕመም የአከርካሪው ደም ቅዳ ራሱ ሲዘጋም ይከሠታል።

የፊት ታችኛው ደም ቅዳ ለውስጠኛው ጆሮም ደም ስለሚያደርስ፣ ሲዘጋ ከማዞሩ ጋር አንድ ጆሮ በድንገት ሊደነቁር ይችላል። የላይኛው ሲዘጋ ደግሞ ንግግር መኮላተፍና የእጅ ቅንጅት መጥፋት ጎልተው ይታያሉ።

ለምን ይሳታል?

ሕዝቡ ስትሮክን የሚያውቀው በአፍ መጣመምና በአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ ነው። በንኡስ አንጎል ስትሮክ ግን ታማሚው እጁንና እግሩን በሙሉ ኃይል እያንቀሳቀሰ፣ ያለ ድጋፍ መቆም ወይም መቀመጥ ሊሳነው ይችላል። ከጨጓራ ሕመምና ከተራ ማዞር የሚለየው አንዱ ዐቢይ ምልክት ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነሣ ሲቲ ስካንም የዚህን ክፍል ጉዳት ላያሳይ ይችላል፤ ኤምአርአይ የተሻለ ያሳያል።

ሌላው አደጋ እብጠት ነው። የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ጠባብ በመሆኑ የተጎዳው አንጎል በቀጣዮቹ ቀናት፣ በአብዛኛው በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ሲያብጥ የአንጎልን ግንድ ይጫናል፤ የአንጎል ፈሳሽ መውረጃንም ይዘጋል። የተሻለው የመሰለ ታማሚ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ለመንቃት ከተቸገረ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ፈጥኖ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

መንሥኤዎቹ

ያልታከመ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ሲጋራ ዋናዎቹ አጋላጮች ናቸው። በአገራችን ወጣቶችን የሚያጠቃው ሩማቲክ የልብ ሕመምም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የአከርካሪው ደም ቅዳ ውስጠኛ ሽፋን የሚሰነጠቅበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የአንገት ሕመም ያለበት ሰው በወጌሻ አንገቱን ከማስጠምዘዝ መቆጠብ ይኖርበታል።

ምን ይደረግ?

ማዞሩ በድንገት ከጀመረና መራመድ አለመቻል፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የመዋጥ ችግር ወይም ከባድ የማጅራት ሕመም ከታከለበት፣ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቦ ታማሚውን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ በሚገኝበት ቦታ፣ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

እስከዚያው ዳማከሴም ሆነ ቡና፣ ጠበልም ሆነ ውኃ በአፍ አይሰጠው። መዋጥ ያቃተው ሰው ትን ሲለው ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል። የሚያስመልሰውን በጎኑ ማስተኛት ይበጃል። አስፕሪንም በቤት አይሰጥ፤ ሕመሙ የደም ቅዳ መዘጋት ይሁን የደም መፍሰስ በምርመራ ካልሆነ አይለይምና።

ለዱርቤቴና ለአካባቢዋ ነዋሪ የመጀመሪያው በር ቅርቡ ጤና ተቋም ነው። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ በሪፈር የሚኬድባቸው የፈለገ ሕይወት እና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ባሕር ዳር ይገኛሉ። ታማሚውን የሚያጅበው ሰው ማዞሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና ቀድሞ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም እንደነበረበት ለሐኪሙ ቢናገር ምርመራውን ያፋጥናል።