ይብራና ጓሮ

የሰው ልጅ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በዙፋን፣ በጦር ሜዳና በከተማ አደባባይ ዙሪያ ነው። በአንድ ጓሮ ኩሬ ዳር የተሠራውን ታሪክ ልብ ብሎ ያነበበው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ከውሃ ወፍ ጋር የኖረበትን ዘመን የመረመረ ሁሉ እርሻና እምነት፣ ጥበብና ሕግ፣ በመጨረሻም ፋብሪካ በዚያች ትንሽ ኩሬ ዳር ሲገናኙ ያገኛል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከቦሌ ወደ የረር ተራራ አቅጣጫ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ይህ ግንኙነት ገና አላበቃም።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ወደ ጥንታዊት ግብፅ መመለስ ያሻል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ የኖረው ኔባሙን የአሞን ቤተ መቅደስ እህል ቆጣሪ ጸሐፊ ነበር። ከመቃብሩ ግድግዳ የተነሡት ሥዕሎች ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይታያሉ። በአንደኛው ሥዕል ጌታው በደንገል ረግረግ ውስጥ በታንኳ ቆሞ የውሃ ወፎችን ያድናል። በሁለተኛው ዝይ ጠባቂዎች በጸሐፊ ፊት ተደፍተው መንጋቸውን ያስቆጥራሉ። በሦስተኛው ዙሪያው በዛፍ የታጠረ የአትክልት ቦታ ኩሬ ይታያል፤ ዓሣና ዳክዬም በሰላም ይዋኙበታል። ሰው ከውሃ ወፍ ጋር ያለው ዝምድና ሦስት መልኩ በአንድ መቃብር ውስጥ ተሰብስቧል፦ አደን፣ ግብርና እንክብካቤ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ኩሬው የጌታው ሲሆን ዝዮቹን ያረባው እጅ የአገልጋዩ መሆኑ ነው። የመንከባከብ ደስታና የመንከባከብ ድካም ገና ከጥንቱ ተለያይተው ነበር።

በኢትዮጵያ ደጋ የነገሩ አካሄድ ሌላ ነው። የደጋው ገበሬ ዶሮን ከቤቱ አላራቀም፤ ዳክዬንና ዝይን ግን ከጓሮው እንስሳት መካከል እምብዛም አልቆጠራቸውም። ለዚህ አንዱ ምክንያት እምነት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የአማርኛ ትርጉም ከማይበሉት አእዋፍ መካከል ይብራ በስሙ ተጠርቷል። ይህ ክልከላ ሳይታሰብ ለወፉ ጋሻ ሆነው። በሌላው ዓለም ቀስትና ጠመንጃ ይብራን ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲያሳድዱት፣ እዚህ ከብት በሚግጥበት ጨፌ ላይ ከእረኛው ጥቂት እርምጃ ርቆ ሣሩን ሲነጭ ኖረ። እረኛው አልመገበውም፤ አላሳደደውምም። መተውም ከመንከባከብ አንዱ ወገን መሆኑን የደጋው ሕዝብ ስም ሳይሰጠው ዘመናት ኖሮበታል። ጥበቡም ወፍን አልዘነጋም። በዐድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ጥንታውያን ወንጌሎች የቀመር ገጾች በአእዋፍ ሥዕል ያጌጡ ናቸው።

እንግዳው ዓለም የዚህን ምድር ይብራ በስም የመዘገበው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ከተዘዋወረ በኋላ፣ በ1845 ስለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጻፈ። ይህ ወፍ መኖሪያው የዚህ አገር ደጋ ብቻ ነው። በበጋው በከፍታው ረግረግና ወንዝ ዳር ሣር ይግጣል። በቢጫ መንቁሩ የሚታወቀው የደጋ ዳክዬ ደግሞ በኩሬና በግድብ ዳር የተለመደ ነው። ከጥቅምት ጀምሮም ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሚሸሹ ዳክዬዎች ይጨመሩበታል። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁትን የኢትዮጵያ አእዋፍ ዝርዝር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያወጣው፣ እረኛው በዓይኑ ያውቀው የነበረው ነገር ወደ መጽሐፍ ተሸጋገረ።

ከተማይቱ ስታድግ የወፉም ዕጣ ተለወጠ። ለውጡ ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የገፈርሳ ውሃና የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ተሠሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከከተማው ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ። የመሐንዲሶቹ ዓላማ ለከተማው የሚጠጣ ውሃና ብርሃን ማቅረብ ነበር፤ የተገኘው ግን ከዚያም ያለፈ ነው። ግድቦቹ ለውሃ ወፎች ማረፊያ ሆኑ። በተለይ አባ ሳሙኤልና የአቃቂ ረግረግ በአእዋፋቸው ብዛት በዓለም አቀፍ ደረጃ ስማቸው የሚነሣ ነው። የሰው ሥራ ሁልጊዜ የተፈጥሮ ጠላት አይደለም፤ ጥያቄው ሥራው ማንን አስቦ፣ ቆሻሻውንስ ወደ ማን ጥሎ ተሠራ የሚለው ነው።

የቦሌ ለሚ ሜዳ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ አይለይም። የምሥራቁ ዳርቻ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ማሳው ዳር ጊዜያዊ ኩሬ ያበጃል። ገበሬው ውሃውን ለማጥፋፋት ቦይ ሲቀድ፣ ወፉ ደግሞ በዚያው ኩሬ ትልና ዘር ይለቅማል። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በዚህ ምድር ላይ አምራቾች ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገቡ። መንግሥት ካቋቋማቸው ፓርኮች ቀዳሚው ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 886 ለመሰል ፓርኮች ሁሉ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። በእርሻው ቦታ የልብስና የቆዳ ሥራ አዳራሾች ተሰለፉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ፣ በብዛትም ወጣት ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጥተው በስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። በአካባቢው አዳዲስ መንደሮችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተነሡ። የአርሶ አደሩ ማሳ የከተሜው ጓሮ ሆነ።

እንግዲህ ወፉ የሚመጣው ወደዚህ ጓሮ ነው። ረግረጉ ሲጠብ በአጥር ውስጥ የቀረ ሣርና የውሃ ጉድጓድ ለዳክዬ እናት መጠጊያ ይመስላታል። ቢጫ መንቁር ዳክዬ ጎጆዋን በውሃ ዳር በረጅም ሣር ውስጥ ትሠራለች። እንቁላሏንም ከ26 እስከ 29 ቀናት ያህል ብቻዋን ትታቀፋለች። በዚህ ጊዜ ከቤቱ ባለቤት የሚፈለገው ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ትልቅ ትዕግሥት እንጂ። ሣሩን አለማጨድ፣ ውሻውን ማሰር፣ ልጆችን ከጎጆው ማራቅ ይበቃል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ሁለት ቀን ጎጆውን ለቀው እናታቸውን ተከትለው ወደ ውሃ ይሄዳሉ። መብረር እስኪችሉ ግን ሁለት ወር ያህል ይፈጃሉ። በዚህ ጊዜ ድመት፣ ሸለምጥማጥና ጭልፊት ይጠብቋቸዋል። የኩሬው ዳር ገደል ከሆነ ጫጩቱ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል፤ ጥቂት ድንጋይ ወይም ሳንቃ መደገፍ ነፍሱን ያተርፋል። የተጣለ ዳቦ ግን ሆዱን ይሞላል እንጂ አያሳድገውም፤ ተረፉም ውሃውን ያበላሻል። የሚያሳድገው ከውሃው የሚገኘው ትልና ቅጠል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ፍቅር ራሱ ነው። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተጋርቷል። የዝይ ጫጩት ከእንቁላል እንደ ወጣ መጀመሪያ ያየውን ተንቀሳቃሽ እንደ እናቱ አድርጎ እንደሚከተል በሰፊው ያሳወቀው እርሱ ነው። ጫጩትን ከእናቱ ነጥሎ በእጁ ያሳደገ ሰው እንግዲህ ወፉን አተረፈው ማለት አይቻልም፤ የራሱ ጥላ አደረገው እንጂ። የኢትዮጵያም ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደንም ሆነ መያዝ የተከለከለ ነው። ጓሮ የወፉ ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ግዞት ሊሆን ግን አይገባም።

የጓሮ እንክብካቤ ኃይሉም ወሰኑም በአንድ ምሳሌ ይታያል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዝይ ከመጥፋት አፋፍ ደርሶ ነበር። ፒተር ስኮት በ1946 በእንግሊዝ አገር በስሊምብሪጅ ያቋቋመው የውሃ ወፎች ማሳደጊያ ጥቂቶቹን ተቀብሎ አራባቸው፤ በ1962ም የተወሰኑት ወደ ደሴቶቹ ተመለሱ። አጥር ዘር አተረፈ። ነገር ግን የሚመለሱበት ምድር ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ለማሳያ ብቻ በሆነ ነበር።

በቦሌ ለሚ ያለው ጥያቄም ይኸው ነው። የምሥራቁ ወንዞች ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። በላይ በኩል የተጣለ ቀለምና ዝቃጭ በታች በኩል ያለውን ገበሬ ጎመን፣ ከብትና የዳክዬ ጫጩት አይለይም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ መሠራቱ ፋብሪካና ሐይቅ ጎን ለጎን መኖር እንዲችሉ የታለመበት ሙከራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44ም ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። መብቱ የስፌት ሠራተኛዋም፣ የገበሬውም፣ የጓሮው ባለቤትም ነው።

በኔባሙን ሥዕል ኩሬው የአንድ ጌታ ነበር፤ ጠባቂው ግን በደጅ ተደፍቶ ያስቆጥራል። በቦሌ ለሚ ያለው ኩሬ የሚሞላው ከብዙ ሰው ጣሪያ፣ ከብዙ ፋብሪካ ቦይ፣ ከብዙ ማሳ በሚወርድ ውሃ ነው። አንድ ቤተሰብ ውሻውን አስሮ አንዲት ዳክዬ ጫጩቶቿን ሊያስፈለፍላት ይችላል። ሁለቱ ወር ሲያልቅ ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ከአጥሩ በላይ ይነሣሉ። የሚያርፉበትን ውሃ ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያዘጋጅላቸው አይችልም፤ እርሱ የከተማው ሁሉ ሥራ ነው።