የአበሻ አውራ ዶሮ ምርጫና የፈንግል ክትባት

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች አውራ ዶሮ በላባው ቀለም፣ በጉትያውና በቁመናው ይመረጣል፤ ለበዓል ገበያ ቀዩና ገብስማው ከጥቁሩ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ሆኖም ያማረ ላባ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። ፈንግል ፈዋሽ መድኃኒት የሌለው በሽታ በመሆኑ፣ ከገበያ የገባ አንድ ዶሮ የመንደሩን ዶሮ ሊያስጨርስ ይችላል። ስለሆነም አዲስ የተገዛ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ አስቀድሞ ቢያንስ 14 ቀናት ለብቻው ሊቆይ ይገባል።

ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት እንደ ዓይነቱ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ስለሚያዳክም ለመበጥበጫነት አይውልም። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የተዘጋጀና ከተበጠበጠ በኋላ የማይቀመጥ በመሆኑ፣ ጎረቤታሞች ተሰባስበው በቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ቢመዘገቡ ይመረጣል። የታመመ ዶሮ አይከተብም፤ ለባለሙያው ሪፖርት ይደረጋል እንጂ ወደ ገበያ አይወሰድም።