ከድሬዳዋ የተጫነው ቢጫ ቀለም

በጅቡቲ ከተማ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የፀሐዩ ብርሃን ከባሕሩና ከነጫጭ ግድግዳዎች እየተንጸባረቀ ዓይን ያጨናብሳል። ዓይን ለዚህ የራሱ መከላከያ አለው፤ በሬቲናው መሃል የምትገኝ አንዲት ቢጫ ነጥብ። ቀለሟን የሚሰጧት ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ ሰማያዊውን ብርሃን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይቀንሱታል። ሰውነት ግን ሊሠራቸው አይችልም። ከምግብ ካልመጡ ከየትም አይመጡም፤ ዋና ምንጫቸውም ቆስጣን፣ ጎመንንና ሰላጣን የመሰለ ቅጠላ ቅጠል ነው።

ታዲያ የዚህች ከተማ ሰው ቅጠሉን ከየት አገኘ?

ፈረንሳዮች ጅቡቲን በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቆረቁሩ ዙሪያው ጨዋማ መሬትና ጥቁር ድንጋይ ነበር። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር በጉድጓድ ውሃ የሚለሙ የአትክልት ቦታዎች ነበሩ፤ እያደገች ለሄደች የወደብ ከተማ ግን የሚበቁ አልነበሩም። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ሸቀጥ የሚመጣው በግመል ነበር። ቡናና ቆዳ በግመል በረሃ ይሻገራል፤ ሰላጣ ግን መንገድ ላይ ይጠወልጋል።

ነገሩን የለወጠው ባቡር ነው። በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የባቡሩ ታሪክ ሲነሳ ስለ ቡናው፣ ስለ ጦር መሣሪያውና ስለ ጫቱ ብዙ ይወራል። ከሐረማያና ከአካባቢው የተለቀመውን ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ከድሬዳዋ ጭነው ጅቡቲ ያደረሱት ሴት ነጋዴዎች ግን የሚገባቸውን ያህል አልተጻፈላቸውም። የከተማዋን ዓይን የጠበቁት እነሱ ነበሩ ማለት ማጋነን አይደለም። ካሮቱ የቫይታሚን ኤ ምንጭ በመሆኑ ዳፍንትን ይከላከላል፤ ቢጫዋን ነጥብ የሚሞሏት ግን በዋናነት ቅጠሎቹ ናቸው።

ቀለሙን መለካት ዘግይቶ የመጣ ጥበብ ነው። ፍራንቼስኮ ቡዚ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነጥቧን በ1782 አይቶ ጽፎባታል፤ በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ መጠኗን በሌዘር ለማወቅ ግን ከ200 ዓመት በላይ ተጠብቋል። የመለኪያው ሐሳብ መነሻው ባሕር ነው። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ራማን በ1921 ከእንግሊዝ ወደ ቦምቤ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያን ሰማያዊነት አስደነቀው። መርከቧም በስዊዝ ቦይና በባብ ኤል መንደብ፣ ማለትም በጅቡቲ ደጃፍ በኩል፣ አገሩ አደረሰችው። በ1928 በካልካታ ብርሃን ሞለኪዩል ሲነካ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ እንደሚመለስ፣ ለውጡም ከየትኛው ሞለኪዩል እንደተመለሰ እንደሚናገር አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሙ ፖል በርንስታይንና የፊዚክስ ባለሙያው ቨርነር ጌለርማን ይህንኑ መርህ ወደ ዓይን አመጡት። 488 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ደካማ የአርጎን ሌዘር ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ቢጫዋ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ የሚመለሰው ብርሃን በበረታ ቁጥር የቀለሙ መጠንም ከፍ ያለ ነው። የዓይን ሞራ ያለበት ወይም ብሌኑ የጠበበ ሰው ሲሆን ንባቡ ሊያንስ ስለሚችል፣ ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

መሣሪያው የሚያነበው ሰው ባለፉት ወራት የበላውን ነው። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ በ2016 የኤሌክትሪኩ ተመርቆ፣ ዛሬ አትክልቱ በጭነት መኪና በደወሌ በኩል ይገባል፤ ምንጩ ግን ያው የሐረርጌ ማሳ ነው። በአሮጌው ባቡር የነገዱት እናቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የድሬዳዋና የጅቡቲ የታሪክ ተመራማሪዎች ቃላቸውን ሳይረፍድ ሊቀርጹ ይገባል።