ይበቃል ወይስ አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ1953 ሃርቫርድን፣ ኮሎምቢያንና ቺካጎን ጨምሮ ዘጠኝ የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ከፈተና አዘጋጁ ድርጅት ከኢ.ቲ.ኤስ. ጋር መከሩ። ከየኮሌጁ የሚመጡ አመልካቾችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን ፈልገው ነበር። ፈተናው በ1954 ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ2,000 በላይ ሰዎች ተቀመጡለት። ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው።

ይህ ፈተና በተለይ የሚታወቀው በመረጃ በቂነት ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃዎች ይቀርባሉ። አምስቱ ምርጫዎች ሁልጊዜ ያው ናቸው፦ አንደኛው ብቻ ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል፣ ሁለቱ ተጣምረው ይበቃሉ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይበቃል፣ ሁለቱም ተደምረው አይበቁም።

ሐሳቡ ራሱ ከፈተናው ይቀድማል። የሃንጋሪ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪ ወደ ስሌት ከመሮጡ በፊት የተሰጠው ነገር ያልታወቀውን ለማግኘት ይበቃ እንደሆነ እንዲመረምር መክሯል።

የሬንጅ ጥያቄዎች ይህን ምክር አጥብቀው ይፈትናሉ። ሬንጅ ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። 4፣ 9፣ 15 እና ኤክስ ተሰጥተው ሬንጃቸው ተጠየቀ እንበል። አንደኛው መረጃ ኤክስ ከ4 ይበልጣል ይላል። ኤክስ 10 ቢሆን ሬንጁ 11፣ 20 ቢሆን ግን 16 ነው፤ አይበቃም። ሁለተኛው መረጃ ኤክስ ከ15 ያንሳል ይላል። 10 ቢሆን 11፣ ዜሮ ቢሆን 15 ይመጣል፤ ይህም ብቻውን አይበቃም።

ሁለቱ ሲጣመሩ ኤክስ በ4 እና በ15 መካከል ይገባል። ዳርና ዳሩ ታወቀ፤ ሬንጁ 11 ነው። ኤክስ ራሱ ግን አሁንም አልታወቀም! ብዙ ተፈታኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኤክስን ካላገኘ መረጃው የጎደለ ይመስለውና የመጨረሻውን ምርጫ ይመርጣል። ትክክለኛው መልስ ሦስተኛው ነው።

በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ጂማት ጂኦሜትሪን ሲያስቀር የመረጃ በቂነትን ጥያቄ አልጣለውም። ከሒሳብ ክፍል አውጥቶ ሠንጠረዥና ግራፍ ከሚነበብበት ክፍል ጋር ቀላቀለው። በዚያ ክፍል ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ግን እምብዛም አይረዳም። የማዛወሩ ውሳኔ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ከስሌት ይልቅ ማመዛዘንን የሚለካ ስለሆነ፣ ዛሬ ምንም ሒሳብ በሌለበት መልክም ይቀርባል።